የሙሽራው ጆሮ

የክብሮም አባት ካርቱም የገቡት በፖለቲካ ትግል ሰበብ ተሰደው ነው። እዚያው ሳጃና ሰፈር የተወለደው ልጃቸው ደግሞ ትግሉን ወደ አሸዋ አወረደው፤ ዓርብ ዓርብ ሐጅ ዩሱፍ የሚባለው ሰፈር ሄዶ ከሱዳን ጎረምሶች ጋር ይታገላል። ሠርጉ ሲቃረብ፣ “አንዴ ብቻ” ብሎ ሄደና ግዙፉን ጓደኛውን ኦመርን ጣለው። አብረው ሲወድቁ ግን የኦመር ክርን ጆሮውን ደቆሰው።

በማግስቱ እጮኛው ናርዶስ ስታየው ጮኸች።

“ይሄ ጆሮ ነው ሳምቡሳ?”

“ማ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፤ በራሱ ይጎድላል።”

“ያላ፣ ተነስ!” ብላ ሪክሻ ውስጥ ከተተችውና ቡሪ ሰፈር ካለ የጆሮ ክሊኒክ አደረሰችው።

ዶክተር ሉጥፊያ እብጠቱን ነካ ነካ አደረጉት።

“ከቆዳው ሥር ደም ተጠራቅሟል። ካልወጣ ይጠጥርና ጆሮህ ተጨማዶ ይቀራል። ደሙን እናፈሰውና ተመልሶ እንዳይሞላ ከፊትም ከኋላም የልብስ ቁልፍ ሰፍተን እንጫነዋለን። ቁልፍ የሚሸጥ ሱቅ በቅርብ አለ?”

ናርዶስ ቦርሳዋን በረበረች። “ከቬሎዬ የተረፉ አሉኝ!”

ሁለት ነጫጭ፣ አብረቅራቂ ቁልፎች ነበሩ። ነርሷ ስትቀቅላቸው ዶክተሯ ጆሮውን አደንዝዘው ቀደድ አደረጉና ደሙን አወጡ፤ ከዚያ ቁልፎቹን ከፊትና ከኋላ አድርገው በክር ሰፏቸው።

“ሠርጋችሁ መቼ ነው?”

“እሁድ” አለ ክብሮም።

“እንግዲያው እነሱም አብረው ይሞሸራሉ። ከዚያ በፊት አይፈቱም።”

እሁድ እናቱ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ጆሮውን በነጠላ ሊሸፍኑት ሞከሩ። ፎቶ አንሺውም፣ “ሙሽራው፣ ወደዚያ ዙር” አለው።

“የለም፣ በዚህ በኩል!” አለች ናርዶስ። “ከቬሎዬ ጋር የሚሄደው ይሄኛው ጆሮው ነው!”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ነጭ ጀላቢያ የለበሰው ኦመር አንገቱን ደፍቶ መጣ።

“ዓሪስ፣ ሙሽራው፣ ይቅር በለኝ።”

“የጣልኩህ እኔ! ምን ያደረግከኝ መስሎህ ነው?”

ኦመር ሳቀና ሙሽራውን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ጨፈረ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ቁልፎቹ ሲፈቱ ጆሮው እንደ ድሮው ሆኖ ተገኘ። ዶክተሯ በደንብ ሳይድን እንዳይታገል፣ ሲመለስም የጆሮ መከላከያ እንዲያደርግ አስጠነቀቁት። እሱም ሰማ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ መከላከያውን አጥብቆ አሸዋው ላይ ሲወጣ፣ ናርዶስ ከተመልካቹ ፊት ቆማ “ጣለው!” እያለች ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች።