ማስታወሻ የሚይዘው ሰውዬ

ጉብኝቱ በነጻ ነው ሲባል መርዕድን ገና ከጅምሩ አልጣመውም። ማስታወቂያው ሲልቨር ስፕሪንግ በሚኖሩበት የአዛውንቶች አፓርትመንት ሎቢ ከተለጠፈ ጀምሮ ሚስቱ አጸደ እንሂድ እያለች ጨቅጭቃዋለች። ጥቁር አሜሪካውያን ለመብታቸው የታገሉባቸውን ቦታዎች በአውቶቡስ ማየት ነው፤ ምሳም አለው።

«ማነው የሚከፍለው?» አላት።

«የከፈለው ይክፈል! አንተን ምን አገባህ?»

«ያለ ምክንያት ምሳ የሚያበላ የለም።»

አመሉን ታውቀዋለች። በቀይ ሽብር ጊዜ አንድ ክፍል አብሮት የተከራየ ጓደኛው ጠቁሞበት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ታስሯል። ዲሲ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ታክሲ ሲነዳ እንኳ፣ የአገሩ ሰው ከገባለት ሱዳናዊ መስሎ በእንግሊዝኛ ብቻ ያወራ ነበር።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ ገቡ። ከመተላለፊያው ማዶ አንድ ሐበሻ ሽማግሌ ብቻውን ተቀምጧል፤ ኮቱ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ። አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አላቸው። ከዚያ ከደረት ኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ። መርዕድን አየና ጻፈ። አጸደን አየና ጻፈ። ሹፌሩንም አይቶ ጻፈ።

«አየሽው?» አለ መርዕድ ቀስ ብሎ።

«አስጎብኚዋ የምትለውን ቢጽፍ ምን አለበት?»

«እሷ ገና አፏን አልከፈተችም።»

መጀመሪያ የወረዱት ሊንከን ሐውልት ጋ ነው። አስጎብኚዋ ሚስ ግሎሪያ የዛሬ ሃምሳ ዓመት፣ ጥቁሮች ለመብታቸው በወጡበት ታላቅ ሰልፍ ቀን፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር እዚሁ ነበረች። እናቷ እግሯ አብጦ ጫማዋን አውልቃ ከሐውልቱ ፊት ያለው ኩሬ ውስጥ እግሯን የነከረችበትን ቦታ አሳየቻቸው። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«በየስብሰባችን ወሬ አቀባይ ይሰገሰግ ነበር። አንዳንዱማ እጃችንን ይዞ አብሮን ይዘምራል።»

መርዕድ ዞር ሲል ሰውዬው የሱን ባርኔጣ እያየ ይጽፋል።

ወደ አሌክሳንድሪያ ሲጓዙ አላስችል አለው። ተነስቶ ከጎኑ ተቀመጠ።

«ማን ልበልዎ?»

«ልዑልሰገድ።»

«ምንድን ነው የሚጽፉት?»

ሰውዬው ደብተሩን ከደነ። «ለራሴ ነው።»

«እኔን እያዩ?» ሰውዬው ወደ መስኮቱ ዞረ። «አገር ቤት የት ነበር የሚሠሩት?»

ልዑልሰገድ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ጽሕፈት ቤት… አሁን አልመጣልኝም።»

መርዕድ ሳቁ መጣ። ሰው የሠራበትን መሥሪያ ቤት ይረሳል? የሚረሳውስ ምን የሠራ ሰው ነው?

አሌክሳንድሪያ፣ ዱክ ስትሪት ላይ፣ ባሮች እየታጎሩ ይሸጡበት ከነበረው ቤት ሲደርሱ ሰዉ ሁሉ ወረደ። ልዑልሰገድ ኮቱን ለመልበስ ሲነሳ ደብተሩን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፤ አስቀምጦም ሄደ። መርዕድ አጸደን «እግሬን አሞኛል፣ ቅደሚ» ብሎ ቀረና አነሳው።

«ግራጫ ባርኔጣ ያደረገ ሐበሻ። ሚስቱ አረንጓዴ ሻርፕ። ከዓይንህ እንዳይጠፉ» ይላል።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ገጹን ገለጠ።

«እነሱን ከተከተልክ አትጠፋም። አውቶቡሱ ነጭ ነው፣ ሰማያዊ መስመር አለው። ሹፌሩ ቀይ ክራቫት። ስምህ ልዑልሰገድ። ልጅህ ሰሊና፣ ስልኳ ይኸውልህ።»

መርዕድ ደብተሩን እንደያዘ ተንደርድሮ ወረደ። ቤቱ ውስጥ ሌሎች ሁለት ቡድኖች ገብተው ሰው በሰው ላይ ሆኗል። ምድር ቤት ወርዶ ፈለገ፤ የለም። አጸደም አላየችውም። መርዕድ እግሩ እያነከሰ መንገድ ለመንገድ ሮጠ። ሦስት ብሎክ ርቆ፣ አንድ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ባዶ የደረት ኪሱን ሲዳብስ አገኘው።

«ወደቀብኝ?» አለ ልዑልሰገድ ደብተሩን ሲያይ።

«አልወደቀብዎትም። እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

ሰውዬው አልተቆጣም። መርዕድን ክንዱን ያዘው። «አንብበውታል አይደል? ለሰሊና እንዳይነግሩብኝ። መኪናዬን ትወስድብኛለች። ልጇን በየቀኑ ከትምህርት ቤት የማመጣላት እኔ ነኝ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

መርዕድ «እሺ»ም «እምቢ»ም አላለም። እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ከጎኑ ተቀምጦ ተመለሰ። ሰው ላይ መጠቆም ምን እንደሆነ ገላው ያውቀዋል።

የአፓርትመንቱ ፓርኪንግ ውስጥ ሰሊና ሰባት ዓመት የማይሞላት ልጅዋን ይዛ የአባቷ መኪና አጠገብ ትጠብቃለች። ልዑልሰገድ መሪው ፊት ተቀመጠ፤ ሕፃኗ ከኋላ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። መርዕድ ሕፃኗን አየ። «የኔ ልጅ፣ አንዴ ላናግርሽ» አለና ሰሊናን ወደ ዳር ወስዶ ሁሉንም ነገራት።

ከላይ እስከ ታች አየችው። በእንግሊዝኛ መለሰች፦ «ከአባቴ ጋር የተዋወቃችሁት ዛሬ ነው። የግል ደብተሩን እንዴት ከፈቱ? ማን ነዎት?»

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ መጠርጠርሽም አያስከፋኝም። ግን ዛሬ አያሽከርክር። ነገ ሐኪም ይየው።»

ሰሊና ዞራ መሪው ፊት የተቀመጠውን አባቷን አየች። ከዚያ ሄዳ የሹፌሩን በር ከፈተች።

«አባቢ፣ ዛሬ እኔ ልንዳ።»

ልዑልሰገድ መሪውን አጥብቆ ያዘ። በመጨረሻ ቁልፉን ሰጥቷት ወረደ፤ መኪናውን ዞሮ ማዶ ሲገባ መርዕድ አጠገብ አለፈ፣ ቀና ብሎ ግን አላየውም።

አጸደ መጥታ ክንዱን ያዘችው። «ደግ አደረግህ» አለችው።

መርዕድ መኪናው ከግቢው ወጥቶ እስኪታጠፍ ቆሞ አየ።