ሁለተኛው ገመድ

«ሻዩ ቀዘቀዘብህ እኮ» አለች ሺና።

ሙርዶ ደንገጥ ብሎ ፉት አለ። ባሏ ኢነስ የሚቀበረው በማግስቱ ነው። ጎረቤቶቹ የሳንድዊች ሰሃን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያንሾካሹካሉ።

«ልቡ ነው አሉ፤ የሰው ዕቃ ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ።»

«ያን የመሰለ የክሬን ሰው በስተርጅና ዕቃ አድራሽ ይሁን?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ነዳጁ ሲረክስ ሰውም አብሮ ረከሰ።»

ሙርዶ ዓይኑን ከሻዩ አላነሣም። ባሕር መሐል ባለው የነዳጅ ማማ ላይ እሱና ኢነስ ለዓመታት በአንድ ክሬንና በአንድ አልጋ በየተራ ተፈራርቀዋል። አንዱን ያመጣ ሄሊኮፕተር ሌላውን ይዞ ይመለሳል፤ የራስ ቁር እንዳጠለቁ ትከሻ ተነካክተው ይተላለፋሉ። ወጪው ለገቢው ትራሱን ገልብጦ፣ ብርድ ልብሱን አስተካክሎ ይሄዳል።

አብረው ቁጭ ብለው ቢራ የጠጡት ሁለቱም ከሥራ ሲቀነሱ ነው።

«ፍራሹ ላይ በተውከው ጉድጓድ ስገምትህ ዝሆን ነበር የምትመስለኝ» አለው ያኔ ኢነስ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ፍለጋ የአበርዲን ከተማን የነዳጅ ቢሮዎች አብረው አንኳኩ። ሥራ ቀድሞ የሰማ ለሌላው ሊደውል ተማማሉ። በኅዳር ሙርዶ ሰማ፤ ኖርዌይ፣ የክሬን ሠራተኛ፣ አንድ ሰው ብቻ። ስልኩን አውጥቶ የኢነስን ስም አየና መልሶ ኪሱ ከተተው። በክሬን ኢነስ ይበልጠው ነበር።

ሺና ወደ ማድ ቤት ጠርታ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ካርድ ሰጠችው።

«ሣጥኑ ጉድጓድ ሲወርድ ሁለተኛውን ገመድ አንተ ትይዛለህ። ተራው እንደ ቅርበት ነው፤ አንደኛው የወንድሙ ነው።»

«ለሌላ ሰው ስጪው፣ ሺና።»

«ለምን?»

«የኖርዌዩን ሥራ ደብቄው ነው የሄድኩት። እሱ ቢያመለክት ለእሱ ነበር የሚሰጡት።»

ዞራ ሲኒዎቹን ማጠብ ጀመረች። «እናውቃለን። ሚስትህ ሥጋ ቤት ወረፋ ላይ ነገረችኝ፤ የምናውቅ መስሏት።»

«ምን አለ?»

«ሰደበህ። ምሳውንም አልበላም። ማታ ግን ‹ድሮስ ያ አልጋ መች ለሁለት በቅቶ ያውቃል› ብሎ ሳቀ።» ፎጣ ወረወረችለት። «እኔ አልሳቅኩም። ገመዱን የምትይዘው ለእሱ ስል ነው እንጂ ለአንተ አይደለም። በል እነዚህን አድርቅ።»

ሙርዶ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ አደረቀ።

በማግስቱ ነፋሱ ከባሕር በኩል ይገርፍ ነበር። ገመዶቹ ሲላሉ ሣጥኑ በአንድ ወገን አዘነበለ።

«ቀስ» አለ ሙርዶ፤ «በእኔ በኩል ጠብቁኝ።»

ሣጥኑ ተስተካክሎ ያለ ድምፅ መሬት ያዘ። ሌሎቹ ገመዳቸውን ጣል ጣል አድርገው ወደ መኪኖቹ አዘገሙ። ሙርዶ የራሱን ከሁሉም በኋላ ለቀቀ።

ጉድጓዱ ዳር የተነጠፈውን አረንጓዴ ምንጣፍ ነፋሱ አጥፎት ነበር። ተንበረከከና በመዳፉ ዘረጋው፤ ጥጉንም ልክ እንደ ብርድ ልብስ ጠርዝ ወደ ውስጥ አጠፍ አድርጎ አስተካከለ።