ሚኒስትሩ የጻፈው ቲፕ

የእህቴን ባል ሚኒስትሩ ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ነው አብረን የምናስተናግደው። እንግዳ ውሃ ሲጠይቀው ከረባቱን አስተካክሎ፣ ማመልከቻ የቀረበለት ይመስል ከላይ እስከ ታች ያየዋል። ታዲያ ማን ቲፕ ይሰጠዋል? እንግዳው መልሱን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ለቅሞ ይሄዳል።

ባለፈው ዓመት ቲፕም ግብር ይከፈልበታል ተባለ። ወር በመጣ ቁጥር ያገኘነውን በፎርም ሞልተን እንሰጣለን፤ የምግብ ቤቱ ባለቤት ግብሩን ከደመወዛችን ይቆርጣል። በኋላ እንዳንጨቃጨቀው ደግሞ ዝርዝሩን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ሁሉም ካገኘው ግማሹን ጻፈ። እኔማ ከግማሽም አሳነስኩት። ሚኒስትሩ ብቻ እውነቱን ጻፈና ከሁላችንም መጨረሻ ወጣ።

ዕቃ አጣቢዋ ዝርዝሩን አንብባ ወደ እሱ ዞረች። "ይሄ ሁሉ ከረባት ለዚህች ነው እንዴ?"

በሚቀጥለው ወር አንደኛ ወጣ። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም። ላላገኘው ገንዘብ ግብር እያስቆረጠ ዝርዝሩ ሥር ቆሞ ከረባቱን ያስተካክላል። ድንቄም አንደኛ። ኩራት እራት ነው ይባላል፤ የሱ ኩራት ግን የቤተሰቡን እራት ይበላ ጀመር። እህቴ ደመወዙ ለምን እንደመነመነ ስትጠይቀው፣ መንግሥት ብዙ የሚያገኝ ሰው ላይ ይጠነክራል አላት። ቲፑስ የት ገባ ስትለው፣ ለዓመት እንዳይወጣ ባንክ ዘግቼዋለሁ ብሎ አረፈው። እሷም አመነችው። አንድ እናትና አባት ነው ያሳደጉን፤ ይሄ የዋህነቷ ከማን እንደመጣ አላውቅም።

በዚህ መሃል ልጃቸው ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ይዛ መጣች። ክፍያው እስከ ዓርብ ካልገባ ሰኞ ክፍል አትገባም ይላል። ማክሰኞ ጠዋት ክንዱን ይዤ ግብር ቢሮ ወሰድኩት።

መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ቁጡ አልነበረችም። "አብዝተው ከጻፉ ትክክለኛውን ይሙሉልኝ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ትርፉ ይመለስልዎታል።"

"ዝርዝሩስ?" አላት።

"አሠሪዎ አስተካክሎ አዲሱን ይለጥፋል።"

እስክሪብቶውን አነሳ። ፎርሙን ረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ እስክሪብቶውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

"ስህተት የለበትም። ያገኘሁትን ነው የጻፍኩት።"

"የልጅህ ክፍያ ዓርብ ነው" አልኩት።

"ሰው ፊት አታዋርጂኝ።"

ሰው እንደዚያን ቀን ንቄ አላውቅም። ሌባ እንኳ የሚዋሸው ለሚበላው ነው።

ሐሙስ ከሰዓት የልጅቷን ክፍያ ከራሴ ይዤ ቤታቸው ሄድኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሚኒስትሩ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ልጅቷ ጉልበቱን ተደግፋ ደብተር ትለብዳለች። እህቴ ገንዘቡን አየች፣ እኔን አየች።

"እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣሽው? ዝርዝሩ ላይ ያንቺ ትንሽ ነው ብሎኝ ነበር።"

"ከቲፕ ነው።"

"ያልጻፍሽው?"

"ያልጻፍኩት።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "ምነው እትዬ? እሱ እኮ አንዲት ሳንቲም ሳይደብቅ ጽፎ ነው እንዲህ የተቸገርነው። አንቺ ግን ታታልያለሽ?"

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ልጅቷ ቀና ብላ አባቷን አየችው፤ ኩራቷ ፊቷ ላይ ይነበባል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

ሚኒስትሩ እጁን ዘርግቶ ገንዘቡን አነሳና ይቆጥር ጀመር።

"ተያት" አላት እህቴን። "ሁሉም ሰው እኮ ግብር የመክፈል አቅም የለውም።"