ሰባት አፍ

«ለፀሐይ ጀርባ ሰጥቶ ጸሎት አለ እንዴ፣ ጋሽ ፍቅሬ?» አለ ያቤጽ ለሦስተኛ ጊዜ።

«ለሐይቁ ጀርባ ሰጥቶስ አለ? ፈጣሪ መጀመሪያ ብርሃኑን የጣለው ውኃ ላይ ነው። ይልቅ አንተ ዙር!»

ከሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ የቆሙት የንጋት አማኞች ሰባት ናቸው፤ ሐዋሳ ውስጥ ከእነሱ ሌላ የለም። በአንድ አምላክ፣ በአንድ መጽሐፍ ያምናሉ። ሦስቱ ግን «ጮራ» ይባላሉ፤ ፀሐይ ወደምትወጣበት ዞረው ይጸልያሉ። ሦስቱ ደግሞ «ውኃ» ናቸው፤ ብርሃኑ ወደሚያርፍበት ሐይቅ ይዞራሉ። ሰባተኛዋ ብዙነሽ ባሏ በዞረበት ስትዞር ነው የኖረችው።

ባሏ ዋሲሁን፣ ዕድሜ ልኩን የዓሣ አጥማጆችን ጀልባ ሲጠግን የኖረው፣ ከሞተ ዛሬ ሃያ አንደኛ ቀኑ ነው። በሥርዓታቸው የሟች ስም በዚህ ቀን፣ ብርሃን ውኃውን ሳይነካ፣ በሰባት አፍ አንድ ላይ ይጠራል። ካለፈ አለፈ፤ ሌላ ቀን የለውም።

«ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥታችሁ ቁሙና ይለቅ» አለች ብዙነሽ።

«ጥሩ» አለ ያቤጽ። «ማን ያስጀምር?»

«ታላቅ ነዋ!» አሉ ጋሽ ፍቅሬ።

«በዕድሜ ነው በእምነት?»

ታቢታ ሳቀች፤ እሷም «ውኃ» መሆኗ ትዝ ሲላት ቶሎ አቆመች።

ብርሃኑ የማዶውን ተራራ ወገብ አልፎ ቁልቁል ይወርዳል። ብዙነሽ ጫማዋን አውልቃ ወደ ዳርቻው ወረደች። መረብ የሚጎትቱትን ቆጠረች፤ ስድስት።

«እትዬ ብዙነሽ፣ ዓሣው ገና አልወጣም» አላት ከስድስቱ አንዱ፣ ባለጀልባው አብዱልሃሚድ።

«ዓሣ አይደለም። የዋሲሁንን ስም ከእኔ ጋር ጥሩልኝ። አንዴ፣ ጮክ ብላችሁ።»

«እኛ የእናንተ ሃይማኖት አይደለንም እኮ።»

«መጽሐፉ ሰባት አፍ ይላል እንጂ የማን አፍ እንደሆነ አይልም።»

አብዱልሃሚድ ሳቀ። «ጀልባዬን ሦስቴ ከመስጠም ያዳነ ሰውዬ ነው። በሉ፣ ልጆች!»

«ዋሲሁን!»

ዳር ላይ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁት ግዙፍ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ደንግጠው ተነሡ። ማዶ፣ ብርሃኑ ውኃው ላይ አረፈ።

«ኧረ ዝም በሉ፣ ጉዳይ ይዘናል!» ብለው ጮኹ ጋሽ ፍቅሬ፣ ወደ ታች እንኳ ሳያዩ። «እሺ ያቤጽ፣ አንተው አስጀምር። ግን ወደ ሐይቁ ዞረህ።»

ብዙነሽ መረቡ ሲወጣ አብዱልሃሚድ የሰጣትን ሁለት ቆሮሶ ዓሣ በፌስታል ይዛ፣ ጫማዋን አጥልቃ በአጠገባቸው አለፈች። መንገዱ ላይ ባጃጅ አስቆመችና ገባች።