የበርሜሎቹ መርዶ

በእኛ መንደር የቤት ጌታ ሲሞት መርዶው መጀመሪያ የሚነገረው ለዘመድ ሳይሆን ለወይን ጠጁ ነው። ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ወራሹ ምድር ቤት ይወርድና እያንዳንዱን በርሜል በጣቱ አንጓ ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ፣ «ጌታህ ሞቷል፤ ከዛሬ ጀምሮ ጌታህ እኔ ነኝ» ይለዋል። መርዶ ያልሰማ በርሜል ይኮመጥጣል ይባላል። የሚስቅ ይሳቅ። ወይን ጠጅ ከጠርሙስ የሚወለድ የሚመስለው የከተማ ሰው ብዙ ይስቃል።

አባባ ሲፕሪያን ያረፉት በየካቲት፣ ምሳ ላይ ነው። ሾርባቸው ሊያልቅ ሲል እንደ ልማዳቸው ቀይ ወይን ጠጅ ጨመሩበት፤ ሳህኑን በሁለት እጃቸው አንስተው ጭልጥ አደረጉት፤ አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። ከዚያ ወዲያ ከወንበራቸው አልተነሱም። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ድስት እያጠብኩ፣ ገና ስላልተገረዙት የወይን ረድፎች ብዙ አወራሁ። መልስ አለመስጠታቸው አላስገረመኝም፤ በቀን ከአሥር ቃል በላይ አይናገሩም ነበር።

ልጃቸው አይደለሁም። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ከሕፃናት ማሳደጊያ ወስደው ያሳደጉኝ ነኝ። ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ የለም። እሳቸው ሲሠሩ አየሁ፤ ጣሪያ ሥር በተጣለ ሣጥን ውስጥ አይጥ የቀመሳቸውን የወይን መጻሕፍት አነበብኩ፤ መጻሕፍቱ የተሳሳቱበትን ደግሞ በእርሳስ አረምኩ። ሃያ አራት ዓመት ሲሞላኝ ከሎት ወንዝ እስከ ተራራው ድረስ እንደ እኔ ወይን የሚገርዝ አልነበረም። ራሴ የምናገረው ሌላ ሰው ስለማይናገረው ነው።

የወይን ቦታውን ሁሉም «ግንቡ» ይለዋል። መነኮሳት በድንጋይ የካቡት አጥር ስድስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ በውስጡ ያለው መሬት ግን አንድ ጥንድ በሬ በሁለት ቀን አርሶ የሚጨርሰው ነው። ወይን ጠጁ ከቅላቱ ብዛት ይጠቁራል፤ ብርጭቆውን ፀሐይ ላይ ብትይዙት እንኳ ከኋላው ያለ ጣታችሁ አይታያችሁም። በዓመት አሥር በርሜል ይሰጣል። ባለፈው መኸር አሥራ አንድ ሆነ፤ አባባ በሰሜኑ ጥግ ያሉትን ሁለት ረድፎች ሰጥተውኝ፣ የራሴን አንድ ትንሽ በርሜል ጠምቄ ነበር።

ልጃቸው ኦክታቭ ለቀብር ከቱሉዝ ከተማ መጣ። እዚያ መነጽር ይሸጣል፤ አፍንጫው ሥር ያለውን ግን አያይም። ጎረቤታችን እማማ ዜሊ፣ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ኮቱን ሳያወልቅ ደረሱበትና ምድር ቤት ውረድ አሉት። ሳቀ። ጫማውንም አየ፤ ምድር ቤታችን ጭቃ ነው።

«አርማንስ ትንገራቸው» አለ፣ በአገጩ እኔን እያመለከተ። «የቤቱ ሠራተኛ እሷ አይደለች?»

«በሠራተኛ አፍ መርዶ አይነገርም፣ አንተ ልጅ።»

«እንግዲያው በርሜሎቹ ቱሉዝ ድረስ መጥተው ይክሰሱኝ።»

ሠራተኛ። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ቃል አለቀ። መልስ ነበረኝ፤ መልስ አጥቼ አላውቅም። ግን ሬሳው ከግድግዳው ማዶ ስለነበር ሻማዬን ይዤ ወረድኩ።

አሥሩን አንድ በአንድ አንኳኳሁ። የራሴን ስም ብጠራ የሚሰማ አልነበረም። አልጠራሁም፤ ያልተሰጠኝን አልወስድም። «ጌታህ ሲፕሪያን ሞተዋል፤ ከዛሬ ጀምሮ ጌታህ ኦክታቭ ነው» አልኩ፤ አሥር ጊዜ፣ ድምፄ በየተራው እየቀዘቀዘ። አሥራ አንደኛው ዘንድ ስደርስ ግንባሬን አስደገፍኩት። «አንተ የእኔ ነህ» አልኩት። ሳለቅስ ያየኝ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም በርሜል ነው።

ከቀብር መልስ ኦክታቭ ያሰበውን ነገረኝ። በሰኔ ሙስዬ ዴልፔሽ የሚባሉ የወይን ነጋዴ ይዞ ይመጣል። አሥሩ በርሜል ካስደሰታቸው ግንቡንም ቤቱንም አጠቃለው ይገዛሉ፤ እሳቸው የራሳቸው ሰዎች አሏቸው። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ሥራ አታጪም አለኝ። መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ አባቴን ስላገዝሽው እግዜር ይስጥልኝ አለ።

እንጨት ወይን ጠጅ ይጠጣል። በርሜል ምንም ቢከደን በየሳምንቱ ከአናቱ ትንሽ ይጎድላል፤ በጎደለው ቦታ አየር ይገባል፤ አየር የገባበት ወይን ጠጅ ኮምጣጤ ይሆናል። ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ለዚሁ ከሚቀመጠው ገንቦ እየቀዱ እስከ አፉ መሙላት ነው። አባባ፣ «በርሜልም ሰውም የሚበላሸው ከአናቱ ሲጎድል ነው» ይሉ ነበር። ለሳቸው ይህ ረጅም ንግግር ነው።

የመጀመሪያው ማክሰኞ መቅጃውን ይዤ ከአሥሩ ፊት ቆምኩ። ጌታችሁ ኦክታቭ ነው፣ እሱ ይሙላችሁ አልኩ። የእኔን ሞልቼ ወጣሁ። በሚቀጥለውም ማክሰኞ እንዲሁ። ሽያጩን ለማበላሸት ነው የሚል ካለ ተሳስቷል፤ እስከዚያ ድረስ አላሰብኩም። ሠራተኛ ያለኝ ሰው ሠራተኛ ምን እንደምትሠራ ሲጎድልበት ይወቀው ብዬ ብቻ ነው። ተክሉን ግን አልበደልኩም። ገረዝኩ፣ ቅርንጫፉን ከሽቦው አሰርኩ፣ ሣሩን አረምኩ። ከእማማ ዜሊ ሌላ የሚያናግረኝ አልነበረም፤ ማታ ማታ በሁለት ሳህን ፋንታ አንድ አጥብ ነበር።

በሚያዝያ በርሜሎቹን ሳንኳኳ ከላይ ባዶ ድምፅ ሰጡ። ያን ጊዜ መሙላት እችል ነበር። ገንቦው ግማሽ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ። ስምንት ማክሰኞ ኮርቶ በዘጠነኛው መጎንበስ ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል። ተነሥቼ ወጣሁ። በግንቦት ሽታው ከበሩ ይቀበለኝ ጀመር።

በሰኔ መጡ። እማማ ዜሊም ከበሩ ቆሙ። ሙስዬ ዴልፔሽ ወፍራም፣ ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው፤ በመስታወት ቧንቧ ከመጀመሪያው በርሜል ስበው ቀመሱና መሬት ላይ ተፉት።

«ሙስዬ ኦክታቭ፣ የጠራኸኝ ለሰላጣ ነው?»

ሁለተኛውን፣ አምስተኛውን፣ አሥረኛውን ቀመሱ። ቀልዳቸው አራተኛው ላይ አልቆ ነበር። ወደ አሥራ አንደኛው ሲሄዱ ይህ የእኔ ነው፣ አይሸጥም አልኳቸው፤ መቅመስ ግን ይችላሉ። ቀመሱ። አልተፉትም። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ተመለሱና በመጀመሪያው በርሜል አፍ ጣታቸውን እስከ ሥሩ አስገቡ። ጣታቸው ደረቅ ወጣ። ቀና ብለው አዩኝ።

ኦክታቭ አላየም። ደረጃው ላይ፣ ጭቃው ላይ፣ በዚያ ሱሪው ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የማንን ስም ነው የነገርሻቸው?» አለኝ።

«እንዳዘዙኝ፣ የእርስዎን።»

«እኔ ምን አልኩህ» አሉ እማማ ዜሊ፤ እሱን እንጂ እኔን አላዩም።

«በአባቴ ዘመን አንድም ኮምጥጦ አያውቅም» አለ ኦክታቭ። «ያን ቀን ብወርድ ኖሮ... ለጫማ ብዬ።»

አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ አልሞላኋቸውም ማለት። ምላሴ ስለት ነው ይሉኛል፤ ያን ቀን ከአፎቱ አልወጣም።

ሙስዬ ዴልፔሽ ግዢውን ተዉት። ሲወጡ አጠገቤ ቆም ብለው በዝግታ፣ «ሲፕሪያንን አውቀው ነበር። ከወንድሙ ጋር ሠላሳ ዓመት ተኳርፎ የወንድሙን በርሜል ይሞላ ነበር» አሉኝ። ለማንም አልተናገሩብኝም። ቢናገሩብኝ ይሻል ነበር።

ኦክታቭ ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቤቱ እኔን አልተቀበለኝም፣ አንቺው ያዢው አለ። በመኸር የርስቱን ወረቀት በስሜ አዙሮ በፖስታ ላከልኝ። ራሱ ግን ተመልሶ አልመጣም፤ ለአባቱ መቃብር እንኳ።

የአባባን የመጨረሻ ወይን መንደሩ በየጠርሙሱ ወሰደው። በጋውን ሁሉ የሁሉም ሰው ሰላጣ እሳቸውን ሸተተ። እማማ ዜሊ እንዲህ ያለ ኮምጣጤ አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ፤ ለማመስገን ነው።

ግንቡ አሁን የእኔ ነው። ሾርባዬን ስጨርስ የምጨምርበት ወይን ጠጅ የለኝም፤ የዘንድሮው ገና አልደረሰም፤ ከበርሜሌ ብቀዳ ይጎድላል። መሙያው ገንቦም አልቋል። ወይን ጠጅ የሌለው ሰው በርሜሉን በጠጠር እንደሚሞላ አባባ አንድ ክፉ ዓመት አሳይተውኝ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሎት ዳር ድቡልቡል ጠጠር ለቅሜ፣ በፈላ ውኃ አጥቤ፣ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ እጥላለሁ። ወይን ጠጁ ቀስ እያለ ይነሣና አፉ ድረስ ይደርሳል። ከዚያ አንኳኳዋለሁ። ሙሉ ድምፅ ይሰጣል። ከውስጡ ምን ያህሉ ድንጋይ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።