የማይቆርጠው ጠርዝ

ቃታው መዳፏ ላይ ተቀምጧል። ዝገቱ ቡናማ ነው፤ ክብደቱ ልክ፤ የሠሪው ማኅተም እንኳ ግማሹ ተበልቷል። ያየ ሁሉ የመቶ ዓመት ዕቃ ነው ብሎ ይምላል። የአሮጌ ጠመንጃ ጠጋኟ ግን አውራ ጣቷን ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ሰድዳ እዚያው አቆመችው። ጠርዙ አይቆርጥም።

የድሮ ሠሪዎች ሰደፉ ውስጥ ተቀብሮ በሚቀር ጠርዝ አይደክሙም ነበር፤ ስል እንደሆነ ይተዉታል። በሞረድ አንዴ ዳሰስ አድርጎ ማለስለስ የአባቷ አመል ነው። «ነገ የሚፈታው ሰው ለምን እጁን ይቁረጥ?» ይሉ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና። አመሉን የወረሱት ሁለት ልጆቻቸው ብቻ ናቸው፤ አንዷ እሷ፣ ሌላው ይኸው በሩ አጠገብ ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን የሚያየው ታናሽ ወንድሟ።

የቃታውን ዕድሜ ከእሷ አፍ ሰምቶ ሊገዛ የፈለገውን ሰው ይዞት የመጣው እሱ ነው። አታጋልጠኝም ብሎ፣ ጭራሽ እንደማያውቃት ሰው ሰላም ብሏት ገባ። ባለፈው የጥንት አስመስሎ የሠራውን ሲሸጥ ተይዞ፣ ዋስ ሆና ያስፈታችው እሷ ናት። አዲስ ነው ብትል ዛሬውኑ ይታሰራል። የጥንት ነው ብትል ዕድሜዋን ሙሉ ያቆየችው ስሟ አፈር ድሜ በላ። አንተ ሞኝ፣ አለች በሆዷ፤ ዝገቱን እንዲህ አሳምረህ እጅህን ትረሳለህ? ተናደደችበት፤ አሳዘናትም።

«እሺ እትዬ፣ ምን ይላሉ?» አለ ገዢው።

«ትንሽ ልየው።»

አጉሊ መነጽሩን አነሳች እንጂ የምታየው ነገር አልነበራትም። የገዛ ክፍሏ ጠበባት።

ገዢው «ይቅርታ» ብሎ ቃታውን ከእጇ ወሰደ። እሱም አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ።

«ቤቴ ያሉትን የድሮ ጠመንጃዎች ሁሉ ፈትቻቸዋለሁ» አለ። «ጣቴን ያልቆረጠኝ አንድም የለም።»

ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ። በሩ አጠገቡ ነው፤ ግን አልወጣም።

የገዢው ዓይን ጠረጴዛው ላይ ተንከራተተ። ብረት ማሰሪያው ሞርሳ ሥር እሷ ትናንት ሞርዳ የጨረሰችው፣ ገና ዝገት ያልነካው ሌላ ቃታ ተቀምጧል። ሳያስፈቅድ አነሳውና ጠርዙን ዳሰሰ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

«የአንድ እጅ ሥራ ናቸው» አለ፤ ጥያቄም አይመስልም።

ወንድሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከጣሪያው አውርዶ አያት፤ አባታቸው የሞቱ ቀን እንዳያት።

እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና «አዎ፣ የእኔ» አለች።