የጤነኛው ደም

ያን ጊዜ ላብራቶሪያችን አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። መስኮቷ በደንብ አይዘጋም፤ ደም የምታሽከረክረው ማሽን ስትነሳ ጠረጴዛው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ ያሉት ማሽኖች ድምፅም የላቸውም። ያቺ ጩኸታም ክፍል ግን እንዴት ትናፍቀኛለች!

ሥራችን ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለውን ፖሊአሚን መለካት ነበር። ሴል ሲያድግና ሲባዛ የሚያመርተው ነገር ነው። መጠኑ ከፍ ሲል ሰውነት ውስጥ አለቅጥ የሚያድግ ነገር ሊኖር ይችላል። ደሙ የቱ ጋ እንደሆነ አይናገርም፤ «ፈልጉ» ብቻ ነው የሚለው።

ለማነጻጸሪያ በየሳምንቱ የአንድ ጤነኛ ሰው ደም ያስፈልጋል። ያ ሰው ሥራውን ያስተማረኝ ጋሼ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሰኞ ሰኞ፣ እጅጌውን ሰብስቦ «ነይ ቅጂ፣ ምንጩ ሳይደርቅ» ይለኛል። ብልቃጡ ላይ «ጤነኛ» ብለን ስለምንጽፍ መጠሪያው ራሱ ጤነኛው ሆኖ ቀረ። ጉንፋን ሲይዘው እንኳ «ስሜ እንዳይጠፋ» ብሎ ኮሪደር ወጥቶ ነበር የሚያስነጥሰው።

አንድ ሰኞ የሱ ደም ከፍ ብሎ ወጣ። እኔ ሆዬ፣ ማሽኑ አብዝቶ አነበበ ብዬ የሱ ቁጥር ወደ ልኩ እስኪመለስ የሱንም፣ ሊመረመሩ የመጡትንም ሰዎች ቁጥር ሁሉ ዝቅ አደረግኩ። በሁለተኛውም ሳምንት፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ኬሚካሉን ቀየርኩ፣ ማሽኑን ረገምኩ። እሱን መጠርጠር ግን በሐሳቤም አልመጣም። ጤነኛው ነዋ!

በአራተኛው ሰኞ እልህ ይዞኝ የራሴንም ደም ጨምሬ ለካሁ። የኔ ልክ ነበር። የሱ ግን ጭራሽ ጨምሯል።

ወረቀቱን ይዤ ፊቱ ቆሜ ስንተባተብ ከእጄ ወሰደው።

«የማን ነው ይሄ?»

«ጋሼ… ያንተ ነው።»

ሁለቴ አነበበው። እኔ እንባዬ ቀድሞኝ፣ ሐኪም ጋ እንሂድ ልለው አፌን ስከፍት፣

«ቆይ እስቲ» አለኝ። «ባለፉት ሳምንታት የኔን ምን አደረግሽው?»

«ዝቅ አደረግኩት። የሌሎቹንም አብሬ።»

«ስንቱን ሰው ደህና ነህ ብለን ሸኘነው?»

«አሥራ አንድ።»

ወንበር ስቦ ስልኩን አነሳ። «በይ ቁጥራቸውን አንብቢልኝ።»

«አንተስ?»

«እኔማ እዚሁ ነኝ፣ የት እሄዳለሁ? እነሱ ናቸው ተዘናግተው ቤታቸው የተቀመጡት።»

እሱ ራሱ ሐኪም ጋ የሄደው አሥራ አንደኛው ሰው በስልክ ከተገኘ በኋላ ነው። ከነሱ ሁለቱ ታመው ተገኙ፤ ታክመውም ዳኑ። እሱ ግን ዓመት ሳይሞላው አረፈ። ሐኪሙ «ሦስት ሳምንት ለውጥ አያመጣም ነበር» ቢለኝም አላመንኩትም።

ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር ስለ ሁለቱ ሰዎች ይጠይቀኝ ነበር። አንድም ቀን ግን «ምነው ቶሎ ባየሽልኝ» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።